የእማዬ አንጓ

የዛሬ አራት ዓመት እማዬ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ግቢው አዳለጣት። ከደረጃ አልወደቀች፣ መኪና አልገጫት፤ በቁመቷ ነው የወደቀችው። በመዳፏ ልትመክት ስትል የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየች። ጀሶው ሲፈታ ሁላችንም «ተመስገን፣ እጅ ብቻ ነው» አልን። እንዲህ በቀላሉ ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሐኪሙም፣ እኔም።

ዘንድሮ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ ወደ ጎን ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከዚህ በፊት የተሰበረ አጥንት አላቸው?» ብሎ ነው። የአንጓውን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ አስረዳኝ።

በቤታችን ቋንቋ ልንገራችሁ። ድፎ ዳቦ ቁረጡና እዩት፤ ዙሪያው ጠንካራ ቅርፊት፣ ውስጡ ዓይን በዓይን። አጥንትም እንዲሁ ነው። የክንድ አጥንት መሀሉ ላይ ቅርፊቱ ወፍራም ነው፤ አንጓው ጋ ሲደርስ ግን ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ውስጡንም ስፖንጅ መሳይ አጥንት ይሞላዋል። ሸክሙን የሚጋሩት በዓይኖቹ መሀል ያሉት ስስ ግድግዳዎች ናቸው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ከሚተካው አጥንት የሚፈርሰው ይበልጣል። ግድግዳዎቹ ይሳሳሉ፤ አንዳንዱ ይበጠስና ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አንድ ትልቅ ይሆናሉ። የአከርካሪና የዳሌ አጥንትም ውስጡ እንደዚሁ ስለሆነ፣ አንጓ ላይ የታየው እዚያም ሊኖር ይችላል። በ50ዎቹና በ60ዎቹ ያለች ሴት ስትወድቅ እጇን ትዘረጋለች፣ ስለዚህ አንጓዋ ይቀድማል። ዕድሜ ሲገፋ እጅ አይደርስም፤ ዳሌ ይመታል።

የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ የተባለው ራጅ የማዕድኑን መጠን እንጂ የግድግዳዎቹን አሠራር አያሳይም። ውጤቱ «ያን ያህል አይደለም» ተብሎም የሚሰበር ሰው አለ። ስለዚህ ከ50 ዓመት በኋላ በቁመት ወድቆ አንጓ መሰበር ራሱ እንደ ምርመራ ውጤት መቆጠር አለበት። እናታችሁ ወይም አያታችሁ እንዲህ ከሆኑ ጀሶው ሳይፈታ ስለ አጥንት መሳሳት ጠይቁ። ፕሬድኒሶሎን ለወራት የሚወስዱ ከሆነም ተናገሩ። አባቶችም አይቀርላቸውም።

እማዬ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት በባዶ ሆዷ፣ በውኃ ብቻ የምትውጠው ክኒን አላት። ከዋጠች በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብላ መቀመጥ አለባት። የሚያናድዳት መድኃኒቱ አይደለም፤ ቡናው ሲፈላ እየሸተታት መጠበቋ ነው። እኔም 53 ዓመቴ ነው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ።