ችግኝ መንቀል ያሳዝናል፣ ግን ንቀሉ!

ክረምቱ ገብቶ ጓሮውን የሚቆፍረው ሰው በዝቷል፤ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ልናገር፦ አታጨናንቁት!

ካቻምና እኔም "ቦታዬ ጠባብ ነች፣ ላብዛው" ብዬ ሁለት ሜትር በማትሞላ መደብ ላይ 20 የቲማቲም ችግኝ ጠቀጠቅኩ። ቅጠሉ ጫካ ሆነ። ዝናቡ ሲበረታ፣ በመሀሉ ነፋስ ስለማያልፍ ቅጠሉ እርጥበት ይዞ እየጠቆረ ረገፈ፤ ያፈራችውም በሰበሰች። ፍግ አነሰው እንዳልል ሞልቶታል። አምና እዚያው መደብ ላይ 6 ብቻ ተከልኩ፤ ከቤት ተርፎ ለጎረቤት ደረሰ።

ለቲማቲም አንድ ክንድ (50 ሳንቲ ሜትር ገደማ)፣ ለጎመን 40፣ ለቃሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ተዉለት። ካሮት ተዘርቶ ሲበቅል በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ እያስቀራችሁ አሳሱት።

እናቴ "የበቀለ ነቅሎ መጣል ግፍ ነው" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ስለዚህ አትጣሉት! የጎመኑን ለጋ ቀቅሉት፣ የቲማቲሙን ችግኝ ለጎረቤት ስጡ። ግፉስ ሁሉንም አጨናንቆ አንዱንም አለማብላት ነው።

ተማሪዎቼ፣ አራት ሆናችሁ አንድ ዴስክ ላይ ስትቀመጡ ማን በደንብ ይጽፍ እንደነበር ታውቁታላችሁ!