የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ

ፊልም ላይ አይታችሁታል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ያልተለሰነ ጡብ፣ አልጋው በጠባብ ደረጃ ተወጥቶ የሚገኝ ቤት። ድሮ ፋብሪካ ወይም መጋዘን ነበር፤ ዛሬ ወጣቶች ተከራይተው ይኖሩበታል። ፈረንጆቹ ሎፍት ይሉታል። እኛ ዘንድ ስሙ ቆጥ ነው።

ከመንዝና ከመርሐቤቴ መጥተን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የምንከራይ ልጆች ቆጥን ከማንም አንማርም። ፒያሳ በቀበሌ ቤት ቤተሰብ ሲበዛ ከጣሪያው ሥር ሳንቃ ይመታና ልጆች እዚያ ይተኛሉ። መርካቶ አካባቢ የቀን ሠራተኛው ለአንድ ሌሊት ቆጥ ይከራያል። ስለዚህ ሎፍት የቅንጦት ሕልም ነው የሚለን ሰው ከተማውን አያውቀውም። ያጣነው ሐሳቡን ሳይሆን ቤቱን ነው።

ቤቱ ደግሞ ነበረን። ፒያሳ ላይ የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድና የሐበሻ ግንበኞች እጅ ያረፈባቸው፣ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች ነበሩ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቀበሌ እጅ ገቡ። ድሃው መሀል ከተማ የመኖር ዕድል ያገኘው በዚህ ነው። እናመሰግናለን። ግን ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግነው? ተከራዩ ቤቱ የእሱ አይደለም፤ ባለቤት የተባለው መንግሥት ደግሞ ከዚያች ኪራይ መጠገኛ አያወጣም። ቤቱ ሃምሳ ለሚጠጉ ዓመታት ባለቤት እያለው ባለቤት አጣ።

ከዚያስ? በ2016 የኮሪደር ልማት መጣና የፒያሳ ብዙ ሰፈር ፈረሰ። በ2017 መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ ከነዋሪው ብዙው ገላን ጉራ ገባ። «ቤቶቹ እኮ አርጅተው ነበር፣ ሽንት ቤት እንኳ በጋራ ነበር» ይሉናል። እውነት ነው፤ ያንን ኑሮ ማንም አይናፍቅም። ግን ሽንት ቤት የሌለው ቤት የሚያስፈልገው ሽንት ቤት ነው እንጂ ዶዘር አይደለም! እንደ ጣይቱ ሆቴል ያለው ቅርስ ስለተባለ ቆሟል። ሰው የሚኖርበት ተራ አሮጌ ቤት ግን ቅርስ አይባልም፤ ስለዚህ ይፈርሳል። ሙዚየምና ካፌ ለመሆን የበቃ ግድግዳ፣ መኖሪያ ለመሆን ምን አነሰው?

ነገሩን የሚያስቀው ደግሞ ወሩ ነው። ፒያሳ በሚፈርስበት ሰሞን፣ መጋቢት 2016 ላይ፣ ፓርላማው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን በአንድ እጅ ተከራይን እየጠበቁ በሌላው እጅ የመሀል ከተማን ርካሽ ቤት ማፍረስ ምን የሚሉት ጥበቃ ነው?

ኒውዮርክን ለምትጠቅሱልን፦ ሶሆ የሚባለው ሰፈር የፋብሪካ ሕንፃዎች ነበሩት። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሠዓሊዎች ያለፈቃድ ገቡበት። ከተማው በ1971 ኑሯቸውን ሕጋዊ አደረገው፤ በ1982 ደግሞ የግዛቲቱ ሕግ የሎፍት ተከራዮችን ከመባረርና ከዘፈቀደ ጭማሪ ጠበቀ። ያም ሆኖ ሰፈሩ ዛሬ የሀብታም ነው። በሕግ የተያዘው እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ያልተያዘው ምን ይሆናል?

ለነገሩ ሶሆ ድረስ ምን አስኬደን? መንዝ ጓሳ አለ። የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው። አባቶቻችን በቀሮ ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ከፍተው በደንብ ያጭዱት ነበር። በ1967 የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ሜዳውም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ተሰባስቦ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ ይኸው ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም አሉ። አያችሁ፣ ገጠሩም ከተማውም በአንድ ዓመት ተወረሱ። ገጠሩ የዳነው ተጠቃሚው ጠባቂ ሲሆን ነው። የከተማው ተከራይ ይህ ዕድል አልተሰጠውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የቀሩት አሮጌ ቤቶች ከመፍረሳቸው በፊት ይጠገኑ። ሲጠገኑ ቅድሚያ ለነባሩ ነዋሪ፣ ቀጥሎ ለተከራይ ወጣት በአዋጁ መሠረት ይከራዩ። አስተዳደሩ ላይ የሰፈሩ እድር ድምፅ ይኑረው። ከኪራዩ የተወሰነው ለጥገና ብቻ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ከግንብ አጥር ማብራትና ከእግረኛ መንገድ ንጣፍ አይከብድም።

የተረቱ ሴትዮ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ቢያንስ ግን ቆጡ አልፈረሰባትም።