የፈረሰ ግንብ ምን ያስተምራል?

ብዙ ሰዎች የጥንት ግንብ ለማየት ሲሄዱ ዓላማቸው ሁለት ነው፤ አንደኛው ማድነቅ፣ ሁለተኛው ፎቶግራፍ መነሣት። ሁለቱም የሚነቀፉ አይደሉም። ነገር ግን ጐብኚው በዚህ ብቻ ረክቶ ከተመለሰ፣ ድንጋይ አይቶ መጣ እንጂ ታሪክ አይቶ መጣ ሊባል አይችልም። የፈረሰ ግንብ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነገር ነው። ማንበብ ለሚያውቅ ሰው፣ ማን እንደ ሠራው ብቻ ሳይሆን ማን እንዳፈረሰውና ማን ሊጠብቀው እንደሚገባም ይነግራል። ይህንን ለማስረዳት የጐንደርን ግንቦችና በቀሃ ወንዝ ሸለቆ የሚገኙትን ጥንታዊ ሥራዎች ምሳሌ አድርገን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጐንደር ከተማ የተቆረቆረችው በሁለት ወንዞች መካከል ነው። በስተ ምሥራቅ አንገረብ፣ በስተ ምዕራብ ቀሃ ይፈስሳሉ፤ ውሃቸውም ተገናኝቶ በመገጭ በኩል ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ከተማዋን ሲመሠርቱ፣ ለብዙ ዘመን ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲዘዋወር የኖረው ቤተ መንግሥት ቋሚ መናገሻ አገኘ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡትም ነገሥታት እያንዳንዳቸው በዚያው ግቢ የየራሳቸውን ሕንፃ አከሉበት። ስለዚህ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አጥር ውስጥ የፋሲል፣ የጻድቁ ዮሐንስ፣ የታላቁ ኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሥራዎች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። የፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

ከግቢው ወጥቶ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ ጐብኚ ቀሃ ወንዝ ይደርሳል። በዚያም በዛፎች የተከበበውን የፋሲል መዋኛ ያገኛል። በአጥሩ ላይ የበቀሉት የትልልቅ ዛፎች ሥሮች ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጠው ይዘውታል። መዋኛው በዓመቱ የአብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ይከርማል፤ ጥምቀት ሲደርስ ግን ከወንዙ በተጠለፈ ውሃ ይሞላል። ካህናቱና ምእመናኑ ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል፤ ውሃው ከተባረከ በኋላም ወጣቶች ዘለው ይገቡበታል። ከዚያ አልፎ ዳገቱን ለወጣ ሰው ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይታየዋል። ጣራው የለም፤ መስኮቶቹ ሰማይ ያሳያሉ፤ በግድግዳው ላይ የተቀረጹት መስቀሎች ግን እስከ ዛሬ አልጠፉም።

ከቁስቋም ሆኖ ሸለቆውን ቁልቁል የሚመለከት ሰው የአገሩ ውበት ሊያዘናጋው ይችላል። ዛፉ፣ ወንዙና የተራራው ሰንሰለት ፍርስራሹን እንደ ሥዕል ያስመስሉታል። ይሁን እንጂ ይህ ቦታ ሰው የኖረበት፣ የታመመበትና ያለቀሰበት ቤት ነበር። በ1770 ጐንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በፈንጣጣ የተያዙትን የቤተ መንግሥቱን ልጆች ያስታመመው በዚሁ በቁስቋም ነው። እቴጌይቱም በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ መሞትና በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ መገደል ያዘኑት እዚሁ ነው። የሦስቱም አፅም በዚያው በቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ይህን የሚያውቅ ጐብኚ በፍርስራሹ መካከል ሲራመድ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ አይቀርም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚለው ነው። አንዳንዶች የጐንደርን ግንብ ፖርቱጋሎች ሠሩት ብለው በአጭሩ ይደመድማሉ። ሌሎች ደግሞ የውጭ ሰው እጅ ፈጽሞ አልነካውም ይላሉ። ሁለቱም አባባሎች ከእውነት የራቁ ናቸው። የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በጎርጎራና በሌሎች ስፍራዎች በድንጋይ መገንባታቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 እንደ ነገሡ ብዙም ሳይቆዩ ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጥተዋል፤ የጐንደር ግንብ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በእንፍራዝ አጠገብ ጣናን ቁልቁል የሚያየው የጉዛራ ግንብም ከፋሲለደስ በፊት በነገሡት በዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደ ተሠራ ይነገራል። በጐንደር ሥራ የሕንድ ባለሙያ እንደ ነበረበት በአፈ ታሪክ ሲወሳ ቆይቷል። የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎችም በከተማዋ ሥራ ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። የአንድ ሕዝብ ሥልጣኔ የሚለካው ከሌላው ምንም ባለመማሩ ሳይሆን፣ የተማረውን የራሱ አድርጎ በመሥራቱ ነው። ጐንደር ለዚህ ምስክር ናት።

ሁለተኛው ጥያቄ «ማን አፈረሰው?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ስንጠየቅ ብዙዎቻችን «ዘመን ነዋ!» ብለን እናልፋለን። እውነት ነው፣ ዘመንም ድርሻ አለው። በ1704 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የታላቁን ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጎድቶታል። ከዚህ ሌላ ያለው ጥፋት ግን አብዛኛው የሰው እጅ ሥራ ነው። በ1866 የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ከተማዋን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። በ1888 ደርቡሾች ገብተው እንደ ገና አነደዷት። በ1941 ደግሞ ኢጣሊያኖች ግቢውን ይዘውት ስለ ነበር በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተደበደበ፤ የኢያሱ ቤተ መንግሥትም እንደ ገና ተጎዳ። ከነዚህ አጥፊዎች መካከል የራሳችን ንጉሥ እንዳሉበት ልብ ማለት ይገባል። ታሪክን የሚያነብ ሰው የባዕዱን ጥፋት ብቻ ቆጥሮ የወገኑን ከዘለለ፣ መጽሐፉን ገጽ እየገነጠለ እንደሚያነብ ሰው ይቆጠራል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ማን ይጠብቀው?» የሚለው ነው፤ ክርክሩ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ሰዎች «የፈረሰ ነገር ምን ያደርጋል? በአዲስ መልክ ተሠርቶ እንደ ጥንቱ ቢያምር አይሻልም?» ይላሉ። ሐሳቡ ከቅን ልቦና የመነጨ ቢሆንም አደጋ አለው። የጐንደር ግንብ የተሠራው በኖራ በተያያዘ ድንጋይ ነው። ኖራ ርጥበትን ያሳልፋል፤ ክረምት የገባበትን ውሃ በጋ ላይ ቀስ በቀስ ያወጣል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው፤ ውሃውን በግድግዳው ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፤ የታፈነውም ርጥበት ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ግንቦቹ በሲሚንቶና በብረት ተጠግነው ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ባለሙያዎች ያንን ጥገና እያነሡ በኖራ መተካት ግድ ሆኖባቸዋል። ከዚህ የምንማረው፣ ያለ ዕውቀት የተደረገ ጥገና ሁለተኛ ማፍረስ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለዚህ ሊወድቅ የደረሰው ግድግዳ ይደገፍ፤ ስንጥቁ በኖራ ይደፈን፤ ውሃ መውረጃው ይጠረግ። የሌለውን ግን በግምት ፈጥሮ «ይህ የጥንቱ ነው» ማለት ለትውልድ የሐሰት ምስክርነት መስጠት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሕዝብ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በሚያስፈልገው አገር ለፍርስራሽ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው» ብለው ይከራከራሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የተራበ ሰው ድንጋይ እያየ አይጠግብም። ነገር ግን በጐንደር ከጐብኚ በሚገኝ ገቢ የሚተዳደር አስጐብኚ፣ የሆቴል ሠራተኛ፣ ጋሪ ነጂና የእጅ ሥራ ሻጭ አለ። ግንቡ ሲወድቅ የእነርሱም እንጀራ አብሮ ይወድቃል። ከዚህም በላይ፣ ትምህርት ቤት ተሠርቶ ተማሪው የሚማረው የራሱ ታሪክ ከጠፋ፣ ዕውቀቱ ሥር እንደሌለው ተክል ይሆናል። ጉዳዩ አንዱን ለሌላው መሠዋት ሳይሆን ሁለቱንም በየመጠናቸው መያዝ ነው።

ለመሆኑ ተማሪ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለው? ከብዙ ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ቁስቋም ሄዶ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ በሚስማር ስሙን በግድግዳው ልስን ላይ ሲጭር ተገኘ። «ለምን ታደርገዋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ብዙ ሰው ጽፎበታል እኮ፤ እኔም እዚህ መምጣቴ እንዲታወቅ ብዬ ነው» ሲል መለሰ። መምህሩ አልተቈጣም። የጫረበትን ስፍራ በጣቱ እንዲነካው ብቻ ነገረው። ልጁ ሲነካው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረው ልስን እንደ ዱቄት በመዳፉ ላይ ረገፈ። ልጁ መዳፉን እያየ ለጊዜው ዝም አለ፤ ከዚያም ሚስማሩን ኪሱ ከተተ። ቀኑን ሙሉ ከሌሎቹ ተነጥሎ ሲሄድ ዋለ። የእሳትና የቦምብ ዘመን ያተረፈውን ነገር አንድ ሚስማር በቅጽበት ሊያፈርሰው እንደሚችል የተረዳ ይመስላል።

የፈረሰን ግንብ ለመጠበቅ መሐንዲስ መሆን ለሁሉም አይቻል ይሆናል። ስምን በግድግዳ ላይ አለመጻፍ፣ በቅጥር ላይ አለመውጣት፣ ድንጋይ ለቤት ሥራ ሲጋዝ ሲያዩ ለሚመለከተው ማሳወቅና ያዩትን ላላዩት በትክክል መንገር ግን ከማንኛውም ተማሪ የሚጠበቅ ነው። ጠብታ ውሃ ድንጋይ ይበሳል እንደሚባለው፣ ጥቃቅን ጥፋት ተደምሮ ታላቅ ሕንፃ ይጥላል፤ ጥቃቅን ጥንቃቄም ተደምሮ ታላቅ ሕንፃ ያቆማል።

ስለዚህ ወደ ጥንታዊ ግንብ ስንሄድ ሦስቱን ጥያቄዎች ይዘን እንሂድ፤ ማን ሠራው? ማን አፈረሰው? ማን ይጠብቀው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የታሪክ መጻሕፍትና ግድግዳዎቹ ራሳቸው ይመልሱልናል። ሦስተኛውን ግን የሚመልሰው በግንቡ ጥላ ሥር የቆመው ጐብኚ ራሱ ነው።