የክትባት ልክ

ባገራችን ሰው ዘንድ መድኃኒት የሚመዘነው በብዛቱ ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ፤ ከሐይቅም አልፎ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ገበሬ፤ ለልጁ የተሰጠው ክትባት ያነሰ ከመሰለው «ለእኛ ሲሆን ቀነሱብን» ማለቱ አይቀርም። የተማረውም ወጣት ከዚህ አሳብ ፈጽሞ ነጻ አይደለምና ስለ ክትባት ልክ ጥቂት መናገር የሚገባ መስሎናል።

ክትባት እንደ እህል አይደለም። እህል ሲቀነስ ረኃቡ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ክትባት ግን ለሰውነት ትምህርት ነው። ሰውነት የጠላቱን መልክ ለይቶ ለማወቅ የሚበቃው መጠን ከተገኘ፤ ትርፉ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ከዚያ ካነሰ ግን ትምህርቱ ሳይገባ ይቀራል።

ፈንጣጣን ለማጥፋት በ1963 ዓ.ም. ባገራችን በተጀመረው ዘመቻ፤ ባለ ሁለት ጥርሱ መርፌ አንዱን ብልቃጥ ለአራት እጥፍ ሰው አዳርሷል። ቢጫ ወባም ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ አገራችን ወደ 30,000 ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ይኸው በሽታ በ2008 ዓ.ም. በአንጎላና በኮንጎ በተነሣ ጊዜ የዓለም ክምችት አልበቃ አለ። ስለዚህ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር፤ በኪንሻሳ ከተማ ከ7 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ከሙሉው 0.5 ሚሊ ሊትር 5ኛው እጅ ብቻ ተሰጠ። ደማቸው ከተመረመረው መካከል፤ አስቀድሞ መከላከያ ካልነበራቸው ከ100ው 98ቱ በአንድ ወር ውስጥ መከላከያ አበጁ። በዚህ ክትባት ያለው ቫይረስ የተዳከመ ቢሆንም ሕያው ነውና በሰውነት ውስጥ ራሱ ይራባል። የሞተ ቫይረስ የያዘው የፖሊዮ መርፌ ግን አይራባም፤ 5ኛው እጅ ቆዳ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢሰጥ ከሙሉው ያንሳል፤ ሁለት ጊዜ ሲሰጥ ግን ከአንድ ሙሉ ይበልጣል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ እንበል። በኪንሻሳ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የተሰጠው ሙሉው ነበር። ችግር ብቻውን አልወሰነም፤ ጥናት ቀደመው። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት በተዘረፉ ጊዜ እጥረት ምን እንደሚመስል ታይቷል። እንዲህ ባለ ቀን በአምባሰል ደጋ የሚያገለግል ወጣት ሠራተኛ፤ የአንዱን ልጅ ልክ በገዛ እጁ ለሁለት ቢከፍል፤ ርኅራኄው ቢያስመሰግነውም ሥራውን አናመሰግንለትም። ሁለቱም እናቶች ልጃቸው የተጠበቀ መስሏቸው ይመለሳሉና። በጥናት የተፈቀደ ቅናሽ ሲመጣ ደግሞ «የድኻ ክትባት ነው» ብሎ ማናናቅ፤ ጥቂቱን አድኖ ብዙውን መተው ነው።

ሙሉው ሲበቃ ሙሉው ይሰጥ፤ ሳይበቃ ሲቀር የተመረመረው ቅናሽ ለሁሉ ይዳረስ። በሁለቱም ጊዜ ግን ምን ያህል እንደ ተሰጠና ስለ ምን እንደ ሆነ ለእናትየው በግልጽ ይነገራት። ሕዝብ የሚርቀው ልኩ ስላነሰ ሳይሆን እውነቱ ስለ ተደበቀበት ነው እንላለን።