ስለ ድሪቶ ክብር

ድሪቶ በሰው ፊት የሚያሳፍር እንጂ የሚያስመሰግን ነገር አይመስልም። አዲስ ልብስ የለበሰ ይከበራል፤ በእራፊ ላይ እራፊ የጣፈ ግን ይናቃል። ነገር ግን በአሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት የሆነው ነገር ይህ ፍርድ ስሕተት መሆኑን ያስረዳል።

በዚያ ግዛት ጂስ ቤንድ የሚባል፥ ወንዝ በሦስት ወገን የከበበው መንደር አለ። ነዋሪዎቹም አብዛኞቹ በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁሮች ልጅ ልጆች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. በዕዳ ምክንያት ከብታቸውና እህላቸው፥ የእርሻ መሣሪያቸውም ሳይቀር ተወስዶባቸው ተራቡ። ሴቶቹም ያረጀውን የሥራ ልብስ እየቈረጡና እየሰፉ ለልጆቻቸው የሌሊት ልብስ ያደርጉላቸው ነበር። ከእነርሱም አንዲቱ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ዓ.ም. ባልዋ በሞተባት ጊዜ የሥራ ልብሱን ሰብስባ ድሪቶ ሰፋች። ልጅዋ እንደ ተናገረችው፥ ይህን ያደረገችው እርሱን ለማሰብና በፍቅሩ ለመሸፈን ነው።

በ2002 ዓ.ም. የጂስ ቤንድ ድሪቶዎች በሂውስተን ከተማ በሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ታዩ። ተመልካቾችም የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ እንደሚያደንቁ አደነቁአቸው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት የዐሥሩን ድሪቶዎች ሥዕል በቴምብር ላይ አወጣ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ጥበብ ያስተማራቸው ድኅነት ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም። ድኅነት የሰጣቸው እራፊና ብርድ ብቻ ነው። ብርድን ለመከላከል ማናቸውም ስፌት ይበቃ ነበር፤ ቀዩን ከሰማያዊው አጠገብ ያኖረ፥ መሥመሩንም እንደ ወደደ ያስኬደ ግን የሴቲቱ አሳብ ነው። ስለዚህ ምስጋናው ለችግር ሳይሆን ለሠራችው እጅ ይገባል።

ደግሞም ግድግዳው ድሪቶውን አላሳመረውም፤ በአልጋ ላይ ሳለም ውበቱ ያው ነበረ። የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። ሚዙሪ ፔትዌይ ግን ይህን ክብር ሳታይ ሞታ ነበር። እንግዲህ መልካም ሥራን ለማክበር ሌሎች እስኪያከብሩት ድረስ የሚጠብቅ ሰው፥ በሌላው ዓይን አየ እንጂ በገዛ ዓይኑ አላየም። አስተዋይ ሰው እናቱ የጣፈችለትን ልብስ እርስዋ በሕይወት ሳለች ያከብራል፤ ከመቃብር በኋላ የሚመጣ ምስጋና የሠራችውን እጅ አያሞቅምና።