ያልተቆረጠ ታንክ

እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ከሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ ከአርሴንየቭ ከተማ የተነሣ ባቡር ታንክ ጭኖ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ታየ። አርሴንየቭ ትልቅ የታንክ ማከማቻና መጠገኛ ያለባት ከተማ ናት። ባቡሩ ላይ የነበሩት ቲ-54 እና ቲ-55 ታንኮች ናቸው። ቲ-54 መመረት የጀመረው በ1947 ስታሊን በሥልጣን ላይ ሳለ ነው። ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ሊነዱት የሚገቡት ወጣቶች ይቅሩና አባቶቻቸው እንኳ ያን ጊዜ አልተወለዱም።

ምስሉ ሲወጣ ብዙ ሰው ሳቀ፤ ሩሲያ ታንክ አለቀባት ተባለ። እኔ የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። ከዚያ በፊት በ2022 ቲ-62 ታንኮች ከመጋዘን ወጥተው ነበር፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ቺታ አጠገብ ያለው የጥገና ፋብሪካ 800 ቲ-62 እንዲያድስ መታዘዙ ተነገረ። የዩክሬንም ወገን ቢሆን አሮጌ ብረት አልናቀም። ስሎቬኒያ ያደሰቻቸውን 28 ቲ-55 ሰጠችው፤ ጀርመን፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድስ ደግሞ በ1960ዎቹ መመረት የጀመረውን ሌኦፓርድ 1 ላኩለት።

የስሎቬኒያዎቹ ታንኮች ታሪክ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። በ1956 ሃንጋሪዎች በሶቪየት ላይ ሲነሡ አንድ ቲ-54 ቡዳፔስት ወዳለው የእንግሊዝ ኤምባሲ ተነድቶ ገባ። እንግሊዞች የብረቱን ውፍረት መረመሩ፤ በእጃቸው ያለው መድፍ እንዳይበቃቸው ሰጉና ኤል-7 የተባለውን 105 ሚሊ ሜትር መድፍ ወደ አገልግሎት አስገቡ። መድፉ የታሰበው ያንን ታንክ እንዲበሳ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ስሎቬኒያ የዚያ ታንክ ታናሽ ወንድሞች የሆኑትን ቲ-55ቶቿን ስታድስ የሶቪየቱን 100 ሚሊ ሜትር መድፍ አንሥታ በምትኩ ኤል-7ን ገጠመችባቸው። ሊገድለው የተሠራው መድፍ የራሱ መድፍ ሆነ፤ ከሃያ ዓመት በኋላም በዚያው መድፍ ሩሲያን እንዲወጋ ወደ ዩክሬን ተላከ።

ሞተሩም እንደዚሁ ነው። የቲ-55 ባለ 12 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር የዘር ሐረጉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ ቲ-34 ሞተር ይመዘዛል። ያ ሞተር የተወለደው ካርኪቭ ውስጥ ነው፤ ዛሬ የሩሲያ ቦምብ በሚወርድባት የዩክሬን ከተማ። ቲ-72ንና ቲ-90ን የሚነዱት ሞተሮችም የዚያው ዘር ናቸው። አሮጌውን ብረት ከመጋዘን አውጥቶ ማስነሣት ያን ያህል የማይከብደው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ መካኒኩም መለዋወጫውም ከነጭራሹ አልጠፉም።

ታንኩ ይነሣል፤ ውስጡ የሚቀመጠው ሰውስ? ቲ-55 አራት ሰው ይይዛል። አንዱ ሥራው ጥይት ማጉረስ ነው፤ 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን የመድፍ ጥይት እጁን እንደ ልብ በማያስዘረጋ ጠባብ ቦታ ውስጥ በጉልበቱ እያነሣ ያጎርሳል። በዙሪያው ያለው ጥይትና ናፍጣ ነው። ጥቂት መቶ ዶላር የሚያወጣ ድሮን ከላይ ሲመጣ የ1950ዎቹ ብረት አያድነውም። ወታደራዊ ተንታኞች እነዚህ ታንኮች ፊት ለፊት እንደማይገጥሙ፣ ከሩቅ እንደ መድፍ ብቻ እንደሚተኩሱ ይነግሩናል፤ በአብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን ድሮኑ ዛሬ ብዙ ኪሎ ሜትር ከኋላ ያለውንም ፈልጎ ያገኛል። በጁን 2023 ማሪንካ አጠገብ ሩሲያውያን ከእነዚህ ታንኮች አንዱን ፈንጂ ሞልተው ያለ ሰው ወደ ዩክሬን ምሽግ ሰደዱት። ያን ምስል ሳይ ያሰብኩት ስለሌሎቹ ነው፤ አራት አራት ሰው አሳፍረው ስለተላኩት።

የመን ውስጥ ከ2015 ወዲህ በተካሄደው ጦርነት በአሮጌነቱ ከዚህም የሚብስ ታይቷል፤ በ1930ዎቹ ማብቂያ የተነደፈው ቲ-34 ሲተኩስ ተቀርጿል። ምሥራቅ ዩክሬን ኮስትያንቲኒቭካ ውስጥ ደግሞ በ2014 የታጠቁ ሰዎች የድል መታሰቢያ ሆኖ ሐውልት መደብ ላይ የቆመ ከባድ ታንክ አስነሥተው ነድተው ወሰዱት። ሞተሩ ሠራ! መታሰቢያ ያልነው ነገር ናፍጣ እስኪያገኝ ድረስ ብቻ መታሰቢያ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከሩቅ ዜና መማር አያስፈልገንም። በኦጋዴን ጦርነት፣ በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር የመጣብን በሶቪየት ቲ-34 እና ቲ-55 ነበር፤ እኛ የነበረን የአሜሪካ ኤም-41 እና ኤም-47 ነው። ሞስኮ ወዳጅ ስትለውጥ ያው ቲ-55 ወደ እኛ ጎረፈ። ከዚያ በኋላ እጅ በእጅ ሲዞር ኖረ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ የደርግ ጦር ሲከበብ፣ መንገድ የተዘጋባቸውን ታንኮች የራሱ አውሮፕላኖች ደበደቧቸው፤ ጠላት እንዳይወስዳቸው። ያም ሆኖ ብዙዎቹ በሻዕቢያ እጅ ገቡ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባን የያዘው ከደርግ በማረካቸው ታንኮች ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት ያው ቲ-55 ከሁለቱም ምሽግ ተኮሰ። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ከየመንገዱ ዳር የተቃጠለ ታንክ ምስል ሲወጣም ከመካከሉ እሱ አልታጣም። ያስመጣው መንግሥት ወድቋል፣ የሸጠው አገር ፈርሷል፣ የተዋጋበት ዓላማ በሦስትና በአራት ተለዋውጧል። ታንኩን በየጊዜው የነዱት ልጆች ግን የእኛው ናቸው።

ታንክን መግደል እንደሚቻል አውሮፓ አንድ ጊዜ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1990 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የመደበኛ ጦር መሣሪያ ስምምነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ከባድ መሣሪያ አስወድሟል። ወረቀቱ በደፈናው ‹‹ይወገድ›› ብሎ አላለፈም። የላይኛው የመድፍ ክፍል ከታንኩ ይነሣል፤ የመድፉ ቱቦ ከመዝጊያው ሥር ከ100 ሚሊ ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ የሌላው ወገን ተቆጣጣሪዎች መጥተው ያያሉ። እንዲህ የተቆረጠ ታንክ ማንም ሠላሳ ዓመት ቆይቶ አያስነሣውም። ሶቪየት ኅብረት ግን ከፊርማው በፊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መሣሪያ ከኡራል ተራሮች ወዲያ አሻገረች፤ ስምምነቱ እዚያ አይደርስምና። ሩሲያ በ2023 ከስምምነቱ ጭራሽ ወጣች፤ የአርሴንየቩ ባቡር በተነሣበት በዚያው ዓመት።

ወደ ቤታችን ልመለስ። የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። በጥር ወር ከመቀሌ ብዙም በማይርቀው አጉላዕ የአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች ባሉበት ታንክና መድፍ ርክክብ ተጀመረ። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኛል፤ ዛሬም ትልቅ ሥራ ነበር እላለሁ። ሆኖም ርክክብ ታንኩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያሸጋግረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የታንካችን ታሪክ ደግሞ ይኸው መሸጋገር ነው። አገር ሠራዊት ያስፈልጋታል፤ ሠራዊትም ታንክ ይፈልግ ይሆናል፤ በዚህ አልከራከርም። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቲ-55 ግን ለጎበዝ ወታደር የሚሰጥ መሣሪያ አይደለም። የመለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ሕዝብና ታዛቢ እያየው ይቆረጥ፤ ብረቱም ወደ ማቅለጫ ይሂድ። በዚህ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ የብረት ዋጋ ምን እንደሆነ ያውቃል። ወደፊት ለድርድር የሚቀመጡ ሰዎችም ስለ ርክክብ አንቀጽ ሲጽፉ ስለ መቁረጡ ሌላ አንቀጽ ይጨምሩበት፤ መድፉ የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ማን ቆሞ እንደሚያይ፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ።