ባሕር ካልሆነ የምን ዳር?

«ባሕር የሌለው ተራራ ምን ይጣፍጣል?» ይለኛል ጓደኛዬ፣ ኬፕታውን ላየንስ ሄድን ዞሮ ከመጣ ወዲህ። እኔ የወረታ ልጅ ነኝ፤ ስማኝማ።

መንገዱ ሰላም ሲሆን በጎንደር መስመር ሂድ። የፎገራን ሩዝ፣ አዲስ ዘመንን እለፍና እንፍራዝ ውረድ። ዳገቱን ውጣ። አፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ግንብ አናቱ ላይ ነው፤ ከታች ጣና ተዘርግቷል። ይሄ ባሕር ካልሆነ ባሕር ዳር የምን ዳር ናት?

«ካርታው ላይ መንገድ የለም» ትላለህ። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ካርታ ላይ የሚገባውን ቢሮ ተቀምጦ የሚመርጠው እንደኔ ያለ ሰው ነው። ገበሬውና ከብቱ ግን በየቀኑ ይሄዱበታል። ስልክህን ኪስህ ክተትና እረኛውን ጠይቅ። ከመራህ የድካሙን ክፈለው። ስትመለስም «አዲስ ቦታ አገኘሁ» ብለህ አትለጥፍ። ሰዉ እዚያው ነበር።